በታንኳ ላይ ትንሽ ሞተር መግጠም

በመቅዘፊያ የሚሄድ የተለመደ ታንኳ ርዝመቱ ከ4.5 እስከ 5.5 ሜትር፣ ወገቡ ላይ ስፋቱ 90 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ ክብደቱም ከ25 እስከ 40 ኪሎ ነው። ሁለቱም ጫፎቹ ሹል ናቸው፤ ጠርዙም ከውኃው በላይ ብዙ ከፍ አይልም። አንድ ብርቱ ሰው ትከሻው ላይ አንሥቶ ከሐይቅ ወደ ሐይቅ ሊያሻግረው፣ ሁለት ሰዎች ደግሞ ከነጓዛቸው ሊጓዙበት ይችላሉ። እንዲህ ባለ ቀላል አካል ላይ ትንሽ ተንጠልጣይ ሞተር ሲገጠምበት የመቅዘፍ ድካም ይቀራል፣ ከነፋስ ጋር የሚደረገው ትግል ይቀላል፣ ዓሣ አስጋሪውም ራቅ ካለ ውኃ ይደርሳል። የመግጠሙ ሥራ ራሱ ከባድ አይደለም፤ ጥቂት እንጨት፣ ጥቂት ብሎንና የግማሽ ቀን ጊዜ ይበቃዋል። ከባዱ ነገር ሚዛን ነው። ታንኳ የተሠራው ክብደት መሀሉ ላይ እንዲያርፍበት ነው፤ ሞተር ግን ክብደቱን ወደ ኋላ ጫፍ፣ ብዙ ጊዜም በአንድ ጎን ይጭንበታል።

ከጀልባ ላይ የሚነቀል ሞተር ታሪኩ የሚጀምረው በኤሌክትሪክ ነው። ፈረንሳዊው ጉስታቭ ትሩቬ እ.ኤ.አ. በ1881 ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ከጀልባ መሪ ጋር አያይዞ ፓሪስ ላይ በሴን ወንዝ ሄደበት። በቤንዚን የሚሠራውን ደግሞ አሜሪካዊው ካሜሮን ዋተርማን እ.ኤ.አ. በ1905 በዲትሮይት ወንዝ ላይ ሞከረ። ነገሩን የብዙ ሰው ንብረት ያደረገው ግን ከኖርዌይ ወደ ዊስኮንሲን የሄደው መካኒክ ኦሌ ኤቪንሩድ ነው። እሱ ሞተሩን ሲሠራ ሚስቱ ቤስ የንግዱንና የማስታወቂያውን ሥራ ይዛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1909 ሚልዋኪ ከተማ ለገበያ የቀረበው ሞተራቸው 1.5 የፈረስ ጉልበት የነበረው ሲሆን 28 ኪሎ ይመዝን ነበር። የዛሬው ሞተርም በቅርጹ ከዚያ ብዙ አልራቀም፤ ከላይ ሞተሩ፣ ከመሀል ቁልቁል የሚወርደው ዘንግ፣ ከታች ማርሹና ፕሮፔለሩ ናቸው። የተለወጠው ክብደቱ ነው። ዛሬ 2.5 የፈረስ ጉልበት ያለው ባለ አራት ስትሮክ ሞተር እንደ ሥሪቱ ከ13 እስከ 17 ኪሎ ይመዝናል። ለታንኳ ይህ የክብደት መቀነስ ከጉልበት መጨመር የበለጠ ዋጋ አለው።

ምን ያህል ጉልበት ያስፈልጋል የሚለው ጥያቄ ብዙዎችን ያሳስታል። ውኃውን እየከፈለ የሚሄድ አካል ፍጥነቱን የሚወስንበት የራሱ ርዝመት ነው። ሲንቀሳቀስ ከፊቱ አንድ ሞገድ ይፈጥራል፤ ፍጥነቱ በጨመረ ቁጥር የሞገዱ ርዝመት እየጨመረ ሄዶ ከታንኳው ርዝመት ጋር ይስተካከላል። ከዚያ በኋላ ታንኳው ከራሱ ሞገድ ጀርባ ተቀምጦ ሽቅብ ለመውጣት እንደሚታገል ያህል ይሆናል፤ ጉልበት ቢጨመርበትም ፊቱ ወደ ላይ ኋላው ወደ ታች ይሄዳል እንጂ ፍጥነቱ እምብዛም አይለወጥም። በግምት ይህ ወሰን በሰዓት በኪሎ ሜትር ሲሰላ፣ ውኃ የሚነካው የታንኳው ርዝመት በሜትር ተወስዶ ስኩዌር ሩቱ በ4.5 ሲባዛ የሚገኘው ነው። ውኃ ላይ 4.9 ሜትር የሚያርፍ ታንኳ እንግዲህ ወደ 10 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲቃረብ ይከብደዋል ማለት ነው።

እዚህ ፍጥነት ላይ ለመድረስ ብዙ አያስፈልግም። ለረጅም ሰዓት የሚቀዝፍ ጤነኛ ሰው የሚያወጣው ጉልበት 100 ዋት ቢደርስ ነው። ባለ 2 የፈረስ ጉልበት ሞተር ደግሞ ወደ 1,500 ዋት ያወጣል። ከማርሽና ከፕሮፔለር የሚባክነው ተቀንሶ እንኳ የብዙ ቀዛፊ ሥራ ይቀራል። ስለዚህ ለተራ ታንኳ ከ2 እስከ 3 የፈረስ ጉልበት ይበቃል፤ ኋላው ጠፍጣፋ ሆኖ ለሞተር በተሠራ ታንኳ ላይ 5 ድረስ መሄድ የተለመደ ነው። ፋብሪካው የወሰነው ልክ በታንኳው ላይ ከተጻፈ እሱን ማለፍ አይገባም። ከዚያ በላይ የሚጨመረው ሞተር የሚያመጣው ክብደትና አደጋ ብቻ ነው።

ሞተር በታንኳ ላይ የሚቀመጥባቸው መንገዶች ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው ታንኳውን ከሥሩ ለሞተር ብሎ መሥራት ነው። በአሜሪካ ሜይን ግዛት ግራንድ ሌክ ስትሪም በተባለች መንደር የዓሣ ማጥመድ አስጎብኚዎች ሞተር ሲመጣ የታንኳቸውን የኋላ ሹል ቆርጠው በጠፍጣፋ ሰሌዳ ዘጉት፤ ግራንድ ሌከር የሚባለው 6 ሜትር ገደማ የሚረዝመው የእንጨት ታንኳ የመጣው ከዚህ ነው። በካናዳ ጄምስ ቤይ ዳርቻ የክሪ ሕዝቦች ዕቃ የሚጭኑባቸው ሰፋፊ ታንኳዎችም ኋላቸው እንዲሁ ጠፍጣፋ ነው። ሁለተኛው መንገድ በሴኔጋል ዓሣ አስጋሪዎች ዘንድ ይታያል፤ በትልልቅ የእንጨት ታንኳዎቻቸው የኋላ ወለል ላይ እንደ ጉድጓድ ያለ ክፍት ቦታ ይተውና ሞተሩ በዚያ በኩል ወደ ውኃው ይወርዳል። ሦስተኛው የጎን መስቀያ ነው። የጋና ዓሣ አስጋሪዎች ከአንድ ትልቅ ግንድ ፈልፍለው በሚሠሩትና ከ10 ሜትር በላይ በሚረዝመው ታንኳ ጎን 40 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር የሚሰቅሉት በዚህ ዘዴ ነው። ያ ታንኳ ከባድና ሰፊ ስለሆነ ሸክሙን ይችለዋል። ተራ ታንኳ ላለው ሰውም ታንኳውን ሳይቆርጥ፣ ሳይበሳ የሚሠራበት ይኸው የጎን መስቀያ ነው፤ ስለዚህ አሠራሩን ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል።

መስቀያው ሁለት ክፍሎች አሉት። አንደኛው ታንኳውን አቋርጦ ሁለቱም ጠርዞች ላይ የሚያርፍ አግዳሚ እንጨት ነው፤ ሁለተኛው በአግዳሚው ጫፍ ላይ ቀጥ ብሎ የሚቆምና ሞተሩ የሚነክሰው ሰሌዳ ነው። ለአግዳሚው 5 በ10 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ ጉጥ የሌለበት ጠንካራ እንጨት ይመረጣል፤ ዋንዛን የመሰለ ውኃ የማይፈራ እንጨት ከተገኘ ጥሩ ነው። ለሰሌዳው 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው ሁለት ኮምፔንሳቶዎች ውኃ በማይፈታው ማጣበቂያ ተደርበው ወደ 3.6 ሳንቲ ሜትር ይሆናሉ፤ የትናንሽ ሞተሮች መንጋጋ ይህን ውፍረት በምቾት ይይዛል። ኮምፔንሳቶ ውኃ የሚጠጣው በጠርዙ ስለሆነ ጠርዙ ደጋግሞ ቬርኒሽ መቀባት አለበት። ሰሌዳው ከአግዳሚው ጋር በማጣበቂያ ብቻ ሊያዝ አይገባውም፤ ከወዲያ ወዲህ በሚያልፉ፣ ሰፊ ሮንዴላ በተደረገላቸው ብሎኖች መታሰር አለበት፤ ሞተሩ ሲገፋ ሙሉ ኃይሉ የሚያርፈው በዚህ መጋጠሚያ ላይ ነውና። ዳዶዎቹም በንዝረት እንዳይፈቱ ውስጣቸው ፕላስቲክ ያለባቸው ዓይነት ቢሆኑ ይመረጣል።

አግዳሚው ከታንኳው ጠርዝ ጋር የሚታሰረው ከጠርዙ ሥር በሚገቡ ቁራጭ እንጨቶችና በብሎን ነው። ቁራጩ ከታች፣ አግዳሚው ከላይ ሆነው ጠርዙን መሀላቸው ይጨምቁታል። የአሉሚኒየም ወይም የፕላስቲክ ጠርዝ እንዳይፋቅ በመካከል የመኪና ካላማዳሪያ ቁራጭ ይገባል፤ ጎማው ንዝረቱንም ጥቂት ይውጠዋል። አግዳሚው ሁለቱንም ጠርዞች መያዝ ግዴታው ነው። በአንዱ ጠርዝ ላይ ብቻ የተንጠለጠለ ሞተር ያንን ጎን እያጣመመ በመጨረሻ ይሰነጥቀዋል።

ቦታው ከኋላ መቀመጫ ጀርባ፣ የነጂው እጅ ያለ ጭንቅ ከሚደርስበት ነው። ወደ ኋላ በተሄደ ቁጥር ታንኳው እየጠበበ ስለሚመጣ ሞተሩ ወደ መሀል መስመር ይቀርባል፤ ይህ ለሚዛን ይበጃል። ብዙ ከተሄደ ግን ነጂው ወገቡን አዙሮ መንዳት ይኖርበታል፤ የኋላ ጫፍም ከመጠን በላይ ይሰምጣል። በአብዛኛው ሞተሩ የሚቀመጠው በግራ ጎን ነው፤ የትናንሽ ሞተሮች መያዣ በግራ እጅ ለመያዝ እንዲመች ሆኖ ስለሚሠራ።

ቀጥሎ የጥልቀቱ ነገር ይመጣል። ከፕሮፔለሩ በላይ እንደ ሳህን ተዘርግቶ የሚታይ ጠፍጣፋ ብረት አለ፤ ሥራው ፕሮፔለሩ ከላይ አየር እንዳይስብ መከልከል ነው። ይህ ብረት ከታንኳው ሆድ ጋር እኩል ወይም ከዚያ 2 እና 3 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ እንዲቀመጥ የሰሌዳው ቁመት ይስተካከላል። ከፍ ካለ ፕሮፔለሩ አየር እየዋጠ ይጮኻል፣ ሞተሩ ሳይገፋ ይፈጥናል። በጣም ዝቅ ካለ ደግሞ ውኃው ይጎትተዋል፤ ድንጋይና አረምም ቶሎ ያገኘዋል። የሞተር ዘንግ በተለምዶ አጭሩ 38፣ ረጅሙ 51 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ለታንኳ የሚስማማው አጭሩ ነው። ልኩ መወሰድ ያለበት ባዶ ታንኳ መሬት ላይ ተገልብጦ ሳይሆን ነጂና ዕቃ ተጭኖበት ውኃ ላይ ሳለ ነው፤ በተጫነ ጊዜ ኋላው ጥቂት ሳንቲ ሜትር ይሰምጣልና።

አሁን ወደ ሚዛኑ። አንድ 15 ኪሎ የሚመዝን ሞተር ከመሀል መስመሩ በ50 ሳንቲ ሜትር ርቀት በግራ ተንጠልጥሏል እንበል። ይህን ለማስተካከል 75 ኪሎ የሚመዝን ነጂ ከመሀል ወደ ቀኝ 10 ሳንቲ ሜትር ጠጋ ማለቱ ይበቃል፤ 15 በ50 እና 75 በ10 ሲባዙ እኩል 750 ናቸውና። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ ውጤቱም ደስ ያሰኛል፤ አንድ ጭን ወደ ጎን እንደ መሸጋሸግ ነው። ችግሩ የሚመጣው ነጂው ሲነሣ ነው። ሰውዬው ከታንኳው ሲወርድ ወይም ወደ ፊት ዕቃ ሊያነሣ ሲንበረከክ ሞተሩ ብቻውን ይቀራል፤ ባዶ ታንኳም ወደ ሞተሩ ጎን ይዘነብላል። ስለዚህ በቀኝ በኩል ከኋላ መቀመጫው አጠገብ የማይንቀሳቀስ ክብደት፣ ለምሳሌ የቤንዚን ጀሪካን ወይም የመሣሪያ ሣጥን፣ ታስሮ ቢቀመጥ ይሻላል። ጀሪካኑ እየጎደለ ሲሄድ ክብደቱ እንደሚቀንስ አለመዘንጋት ነው።

ከጎን ለጎኑ ይልቅ ሰዎች የሚዘነጉት የፊትና የኋላውን ሚዛን ነው። ነጂውም ሞተሩም ኋላ ሲሆኑ የታንኳው ፊት ከውኃው ይነሣል። ፊቱ የተነሣ ታንኳ ነፋስ ሲመታው እንደ ባንዲራ ይዞራል፤ ቀጥ አድርጎ መያዝም አይቻልም። መፍትሔው ክብደት ወደ ፊት መላክ ነው። ሁለተኛ ሰው ካለ ከፊት ይቀመጣል። ከሌለ 20 ሊትር ውኃ የተሞላ ጀሪካን ፊት ላይ ይታሰራል፤ ውኃ ከድንጋይ ይመረጣል፤ ታንኳው ቢገለበጥ ጀሪካኑ ወደ ታች አይጎትተውምና። ሌላው ዘዴ ነጂውን ራሱን ወደ መሀል ማምጣት ነው። አንድ ሜትር የሚሆን የፕላስቲክ የውኃ ቧንቧ አንድ ጫፉ ተሰንጥቆ በሞተሩ መያዣ ላይ ይገባና በፋሼታ ይጠበቃል። ቧንቧው ሲጠመዘዝ የሞተሩ ጋዝ አብሮ ይዞራል፤ ነጂውም ከኋላ መቀመጫው ወደ ፊት ወረድ ብሎ፣ ወለል ላይ ተንበርክኮ ወይም ዝቅ ባለ መቀመጫ ላይ ሆኖ ይነዳል። ርካሽ ነው፤ ለውጡ ግን ወዲያው ይታያል። ፊቱ ወደ ውኃው ይመለሳል፤ ከኋላ ይነሣ የነበረው ሞገድም ይቀንሳል።

ሞተሩ በአንድ ጎን ስለሚገፋ ታንኳው ወደ ተቃራኒው ጎን መዞር ይወዳል፤ ሞተሩ በግራ ከሆነ ፊቱ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ሞተሩን በጥቂት ዲግሪ አዙሮ መያዝ ይህን ያርመዋል፤ እጅ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ይለምደዋል። የበለጠ ጥንቃቄ የሚፈልገው መታጠፊያ ነው። ፕሮፔለሩ የሚገፋው ከታንኳው ሆድ በታች ሆኖ ስለሆነ፣ ሞተሩ ዞሮ ሳለ ጋዝ በድንገት ቢሰጥ ግፊቱ ወደ ጎን ይሆንና ታንኳውን ያንከባልለዋል። መጀመሪያ ጋዝ መቀነስ፣ ከዚያ መዞር፣ ፊቱ ሲቀና ጋዝ መጨመር ነው ደንቡ። ብዙዎቹ ትናንሽ ሞተሮች የኋላ ማርሽ የላቸውም፤ ወደ ኋላ ለመሄድ ሞተሩ ራሱ ክብ ዞሮ ይገለበጣል። ይህም በዝቅተኛ ጋዝ ብቻ የሚደረግ ነው። አንዳንዶቹ ደግሞ ፍሪሲዮንም ሆነ ዜሮ ማርሽ ስለሌላቸው እንደተነሡ መግፋት ይጀምራሉ፤ እነዚህ ሲነሡ ፊቱ ወደ ክፍት ውኃ መዞሩን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። የማስነሻውን ገመድ ቆሞ መሳብ ታንኳ ከሚገለበጥባቸው ዋና ምክንያቶች አንዱ ነው። የሚሳበው ተቀምጦ፣ ክርንን ወደ ጎን አጥፎ፣ በአጭር ምት ነው።

መጀመሪያ በተወጣበት ቀን ከአሥር ደቂቃ ጉዞ በኋላ ወደ ዳር ተመልሶ ብሎኖቹን ሁሉ እንደገና ማጥበቅ ይገባል። እንጨቱ ይጨመቃል፣ ጎማው ይቀመጣል፣ ንዝረቱም የቀረውን ያላላል። ሞተሩ ቢፈታ እንኳ ውኃ ውስጥ እንዳይቀር ከአግዳሚው ጋር በሰንሰለት ወይም በወፍራም ገመድ ይታሰራል።

በኢትዮጵያ ሐይቆች ላይ ሞተር የሚያስብ ሰው ከፍታን መቁጠር አለበት። በካርቡራተር የሚሠራ ሞተር ከባሕር ወለል በላይ በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3 ከመቶ ያህል ያጣል፤ አየሩ ስለሚሳሳ። ጣና 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ 2.5 ተብሎ የተሸጠ ሞተር እዚያ ወደ 2 የፈረስ ጉልበት ይወርዳል። ለባሕር ወለል የተስተካከለው ካርቡራተር ደግሞ አየሩ ሲቀንስ ቤንዚኑን ያበዛል፤ ካንዴላው ጥቀርሻ ይለብሳል፣ ጭሱ ይጠቁራል። የቤንዚን ማሳለፊያውን ቀዳዳ በጠባብ ማስቀየርና ፕሮፔለሩን በአንድ ዙር ትንሽ ርቀት በሚገፋ ዓይነት መለወጥ ነገሩን በአመዛኙ ያቃልለዋል። የጣናው የደንገል ታንኳ ግን ለዚህ ሥራ አይሆንም። የታሰረ ደንገል ውኃ እየጠጣ የሚከብድና የሚለሰልስ ስለሆነ መስቀያ የሚነክሰው ጠንካራ ጠርዝ የለውም፤ ንዝረት ደግሞ እስሩን ይፈታዋል። እ.ኤ.አ. በ1986 በጣና ላይ በሞተር ጀልባና በናይሎን መረብ ማስገር ሲጀመርም የመጡት ሌሎች ጠንካራ ጀልባዎች ነበሩ፤ የደንገሉ ታንኳ እንደ ቀድሞው በቀዛፊ ቀጠለ።

የኤሌክትሪክ ሞተር ከፍታ አይነካውም። ለታንኳ የሚሸጡት በ12 ቮልት ይሠራሉ፤ ግፊታቸው የሚለካው በፈረስ ጉልበት ሳይሆን በፓውንድ ሲሆን ከ30 እስከ 55 የሚደርሰው ለታንኳ ይበቃል። ድምፅ የለውም ማለት ይቻላል፤ ቤንዚን ወደ ውኃው አያንጠባጥብም፤ ራሱ ሞተሩም ከቤንዚኑ ይቀላል። ክብደቱ ያለው ባትሪው ላይ ነው። 100 አምፔር-ሰዓት የሚይዝ የእርሳስ ባትሪ ከ25 እስከ 30 ኪሎ ሲመዝን፣ ተመሳሳይ የሊቲየም ባትሪ ከግማሽ በታች ነው። 30 ፓውንድ የሚገፋ ሞተር ሙሉ ኃይሉ ሲለቀቅ 30 አምፔር ገደማ ይጠጣል፤ የእርሳስ ባትሪ እንዳይበላሽ ከግማሽ በላይ ማራገፍ ስለማይመከር የሚገኘው ከሁለት ሰዓት ያነሰ ጉዞ ነው። በዝቅተኛ ፍጥነት ግን ጊዜው በብዙ እጥፍ ይረዝማል። ለታንኳ ሚዛን ደግሞ ባትሪ በረከት ነው፤ በረጅምና ወፍራም ሽቦ ተያይዞ ፊት ላይ ሲቀመጥ፣ ከኋላ ያለውን ነጂ ያመዛዝነዋል። ሽቦው ከባትሪው አጠገብ ፊውዝ ሊኖረው ይገባል። በተከለለ ውኃ ላይ አጭር ርቀት ለሚሄድ ሰው ከቤንዚኑ ይልቅ የሚመረጠው ይኸኛው ነው። ረጅም መንገድ፣ ጠንካራ ነፋስ ወይም ባትሪ የሚሞላበት መብራት የሌለበት አገር ከሆነ ቤንዚኑ ቦታውን አይለቅም።

ሞተር ያለበት ታንኳ በሕግ ፊትም ይለወጣል። በአሜሪካ ሞተር የተገጠመበት ማንኛውም ታንኳ፣ ኤሌክትሪክም ቢሆን፣ በግዛቱ ተመዝግቦ ቁጥር ማውጣት ይኖርበታል። እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2021 ጀምሮ በዚያው አገር 3 የፈረስ ጉልበትና ከዚያ በላይ ሞተር ያላቸው ትናንሽ ጀልባዎች ነጂ የማጥፊያውን ገመድ ከሰውነቱ ጋር እንዲያስር ተደንግጓል። ገመዱ ነጂው ከወደቀ ሞተሩን ያጠፋዋል። ከዚያ በታች ያሉት በሕጉ ባይገደዱም፣ ከታንኳ መውደቅ ከሌላው ጀልባ ሁሉ ስለሚቀል ገመዱ በጣም የሚያስፈልገው ለታንኳ ነጂ ነው። የነፍስ አድን ጃኬት ከመቀመጫው ሥር የሚቀመጥ ሳይሆን የሚለበስ ነው። መቅዘፊያውም ከታንኳው አይለይም፤ ሞተር ሲጠፋ ወደ ቤት የሚመልሰው እሱ ነው።

ከጉዞ በኋላ ያለው እንክብካቤ ጥቂት ነው፤ ሳይታጎል መደረግ ግን አለበት። በጨው ውኃ ላይ የዋለ በውኃ የሚቀዘቅዝ ሞተር በበርሜል ንጹሕ ውኃ ውስጥ ተነሥቶ ውስጡ ይታጠባል። ውኃ ሳይነካ ማስነሣት ግን የላስቲክ ፓምፑን በአጭር ጊዜ ያቃጥለዋል። ለሳምንታት የሚቀመጥ ከሆነ የቤንዚኑ ቧንቧ ተዘግቶ ሞተሩ በካርቡራተሩ ውስጥ ያለውን ጨርሶ እስኪጠፋ ይተዋል፤ የቆየ ቤንዚን ቀጫጭኖቹን ቀዳዳዎች ይደፍናልና። ባለ አራት ስትሮኩ ሲጋደም አምራቹ በወሰነው ጎን ብቻ ይሁን፤ አለዚያ የሞተሩ ዘይት ወደ ሲሊንደሩ ይፈስሳል። ፕሮፔለሩ በየጊዜው ተነቅሎ ከጀርባው የተጠመጠመ የዓሣ ማጥመጃ ክር መኖሩ ይታያል። ክሩ ዘይት የሚይዘውን ጎማ ቀስ በቀስ ይቆርጠዋል፤ የማርሹ ዘይት ሲቀዳ ነጭ ወተት መስሎ ከወጣ ውኃ ገብቶበታል ማለት ነውና ጎማው ሳይቀየር ሞተሩ ወደ ውኃ አይመለስም።